መስመሩን የሚዘጋው ማነው?

(ፕሮግራሚንግ ለሚጀምሩ ወጣቶች ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ። አዳራሹ ውስጥ ስክሪን ላይ ያሳየሁትን ኮድ እዚህ በቃላት ገልጬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓታችሁን ለእኔ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ።

የዛሬው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ነው። ፕሮግራማችሁ ውስጥ ብዙ ጽሑፎች አሉ። እያንዳንዱ በየራሱ መስመር ሆኖ ፋይል ውስጥ እንዲቀመጥ ትፈልጋላችሁ። እንዴት ይደረጋል? መልሱን በአንድ ደቂቃ ልነግራችሁ እችላለሁ። ግን ከመልሱ በታች ያለውን ካላያችሁ ያው ስህተት ሌላ ቀን ሌላ መልክ ይዞ ይመጣባችኋል። እኔ ላይ መጥቷል። ከዚያ ልጀምር።

ፕሮግራሚንግ በጀመርኩ ሰሞን የሰፈራችን እድር ጸሐፊ የአባላቱን ስም ከደብተር ወደ ኮምፒውተር እንዳስገባላቸው ጠየቁኝ። ደብተሩ አርጅቷል፣ ገጾቹ እየተገነጠሉ ነው። ደስ ብሎኝ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። ስም ይጠይቃል፣ ስሙን እጽፋለሁ፣ ኢንተር እጫናለሁ፣ ፕሮግራሙ ፋይሉ ውስጥ ያስቀምጠዋል። እሳቸው እያነበቡ እኔ እየጻፍኩ ከሰዓቱን ሙሉ ዋልን። ሲያልቅ ፋይሉን ከፈትኩት። ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው። የአባላቱ ስም በሙሉ ተያይዟል። አንዱ የት እንደሚያልቅ፣ ሌላው የት እንደሚጀምር አይታወቅም። ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው ስክሪኑን አዩትና «ልጄ፣ በየስሙ ኢንተር ስትጫን አይቼሃለሁ እኮ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ተጭኛለሁ። ግን ኢንተሩ ለፕሮግራሙ «ስሙ አለቀ» ብሎ ነገረው እንጂ ፋይሉ ውስጥ አልገባም። በፓይተን ከኪቦርድ የሚቀበለው ኢንፑት የተባለው ፋንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ ዝግጁ ትእዛዝ)፣ መጨረሻ ላይ ያለውን የአዲስ መስመር ምልክት ቆርጦ ይጥለዋል። የሚያስረክባችሁ ስሙን ብቻ ነው። ፋይል ላይ የሚጽፈው ራይት ደግሞ የሰጣችሁትን ይጽፋል፤ ከራሱ ምንም አይጨምርም። ሁለቱም ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል። መስመሩን የሚዘጋው ሦስተኛ ሰው ግን አልነበረም። ያ ሰው እኔ መሆን ነበረብኝ።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ዋና ነገር ይህ ነው። ፋይል ውስጥ መስመር የሚባል ነገር የለም። ፋይል አንድ ረጅም የባይቶች ሰልፍ ነው። ባይት ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው ትንሽ ቁጥር ነው። ላይና ታች የለውም። እኛ መስመር የምናየው፣ ፋይሉን የከፈተልን ፕሮግራም ሰልፉን እያነበበ ሲሄድ አንድ የተለየ ቁጥር ስለሚያገኝ ነው። ቁጥሩን ሲያገኝ ወደ ታች ወርዶ ከግራ ይጀምራል። ቁጥሩ 10 ነው። እሱን ፋይሉ ውስጥ ያስገባው ሰው ከሌለ መስመርም የለም።

እስቲ አብረን እንቁጠር። ሦስት ስሞች እንውሰድ፤ አበበ፣ አልማዝ፣ ትዕግስት። ፊደሎቹ 12 ናቸው። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ሦስቱን ስሞች አያይዛችሁ ብትጽፉ የፋይሉ መጠን 36 ባይት ነው። ከየስሙ በኋላ የአዲስ መስመር ምልክት ብታስገቡ 39 ይሆናል። ያንኑ ፕሮግራም ዊንዶውስ ላይ ብታስሮጡት 42 ልታገኙ ትችላላችሁ። ስሞቹ ያው ናቸው። ልዩነቱ በሙሉ ያለው ዓይን በማያያቸው ምልክቶች ላይ ነው። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ሞክሩት። የፋይል መጠን መቁጠር ብዙ መጽሐፍ ከማንበብ የበለጠ ያስተምራል ብዬ አምናለሁ።

ይህ ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የብራና መጽሐፍ በቅርብ ያየ እዚህ አለ? ጥሩ። ቁም ጸሐፊው ቀለም ከመንከሩ በፊት ብራናውን በወስፌ ያሰምራል። መስመሩ ቀድሞ አለ። ጽሑፉ በኋላ ይመጣና በመስመሩ ላይ ይሞላል። ታዲያ ቃሉ ሳያልቅ መስመሩ ካለቀስ? ግማሹን እዚህ፣ ግማሹን ከታች ይጽፈዋል። መቁረጡን የሚናገር ሰረዝ አያስገባም። አንባቢው ግን አይደናገርም። ቃሉ ያለቀበትን የሚነግረው የመስመሩ ጫፍ ሳይሆን ሁለት ነጥቡ ነው። ሁለት ነጥብ ካላየ ቃሉ አላለቀም፤ ወደ ታች ወርዶ ይቀጥላል።

ኮምፒውተሩም እንዲሁ ነው። ረጅም ጽሑፍ የስክሪኑ ጫፍ ሲደርስ ታጥፎ ወደ ታች ይወርዳል። ዓይናችን ሁለት መስመር ያያል። ፋይሉ ውስጥ ግን አንድ ነው፤ ምልክቱ የለማ። ሁለት ነጥብን ፊደል ብለን ባንጠራውም ብራናው ላይ በቀለም የሚጻፍ ነገር ነው፤ ቦታ ይይዛል፤ ጸሐፊው ከረሳው ይጎድላል። አዲስ መስመርም ልክ እንደዚያው ነው። የሚጻፍ ነገር ነው።

ዊንዶውስ ላይ ለምን 42 ሆነ? ይህን ለመመለስ ወደ ጽሕፈት መኪና እንሂድ። በፍርድ ቤት ደጅ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ጋ ታይፕ ሲሠራ ያያችሁ ትኖራላችሁ። ጸሐፊው መስመሩ ጫፍ ሲደርስ በግራ በኩል ያለችውን እጀታ ይገፋል። እጀታዋ በአንድ ግፊት ሁለት ሥራ ትሠራለች። ወረቀቱን አንድ መስመር ወደ ላይ ታንከባልለዋለች። ወረቀቱን የተሸከመውን ክፍል ደግሞ ወደ መጀመሪያው ትመልሰዋለች። ሁለት የተለያዩ እንቅስቃሴዎች ናቸው።

በሽቦ መልእክት የሚቀበሉት ቴሌታይፕ የሚባሉት መሣሪያዎች እነዚህን ሁለት እንቅስቃሴዎች ለየብቻ ያዟቸው ነበር። «ወደ መጀመሪያው ተመለስ» አንድ ትእዛዝ ነው። «አንድ መስመር ውረድ» ሌላ ትእዛዝ ነው። አስኪ የተባለው የፊደላት ቁጥር አሰጣጥ እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ ሁለቱም ቁጥር ተሰጣቸው። መመለሻው 13፣ መውረጃው 10። በዚያው ጊዜ የወጣው ሞዴል 33 የተባለው ቴሌታይፕ በሰከንድ 10 ፊደል ነበር የሚጽፈው። የሚያትመው ክፍል ከቀኝ ጫፍ ወደ ግራ ለመመለስ ግን አንድ ፊደል ከሚጻፍበት ጊዜ በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ መጀመሪያ 13 ይላካል፣ መሣሪያው እየተመለሰ ሳለ 10 ይከተላል። መውረጃው ትእዛዝ ለመመለሻው ጊዜ ይገዛለታል ማለት ነው። እኔ ይህን ሳውቅ በጣም ነው የገረመኝ። ዛሬ ላፕቶፓችን ውስጥ ያለ ሁለት ባይት፣ የአንድ ብረት ፍጥነት ትዝታ ነው።

መሣሪያዎቹ ሄዱ፤ ቁጥሮቹ ቀሩ። መልቲክስ የሚባለው ሲስተም አንዱ ይበቃል ብሎ 10ን ብቻ መረጠ። ዩኒክስ ተከተለው። ሊኑክስም ከዚያ ወረሰ። ሲፒኤም የሚባለው ሲስተም ሁለቱንም ይዞ ቀጠለ፤ ዶስ ከእሱ ወሰደ፤ ዊንዶውስ ከዶስ ወሰደ። የድሮው ማኪንቶሽ ደግሞ 13ን ብቻ ይዞ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2001 ማክ ኦኤስ 10 ሲመጣ ከዩኒክስ ጎን ሆነ። የዊንዶውሱ ኖትፓድ እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ ከሊኑክስ የመጣ ፋይል ሲከፍት ሁሉንም በአንድ መስመር ይደረድረው ነበር። ፋይሉ ጤነኛ ነበር፤ አንባቢው ግን ምልክቱን አያውቀውም።

የዚህ ግልባጭ ደግሞ አለ። ዊንዶውስ ላይ የጻፋችሁትን የሼል ስክሪፕት፣ ማለትም የትእዛዞች ዝርዝር የያዘ ፋይል፣ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ትጭናላችሁ። አልሮጥም ይላችኋል። ኮዱን መስመር በመስመር ታዩታላችሁ፤ ምንም ስህተት የለውም። በየመስመሩ ጫፍ የማትታይ 13 ተቀምጣለች። የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለውን፣ ስክሪፕቱን የሚያስሮጠውን የፕሮግራም ስም ሊኑክስ ከነ13ቷ ያነበዋል። በዚያ ስም የሚጠራ ፕሮግራም ደግሞ የለም። እኔ በዚህ ነገር ሌሊት ያነጋሁበት ቀን አለ። እናንተ እንዳታነጉ ነው የምነግራችሁ።

አሁን ወደ ኮዱ። በፓይተን አዲስ መስመርን የምንጽፈው በሁለት ምልክት ነው። ወደ ኋላ ያዘመመው ሰረዝ፣ ባክስላሽ የምንለው፣ ከዚያ ትንሿ የእንግሊዝኛ ኤን። ስናየው ሁለት ነው፤ ፋይሉ ውስጥ የሚገባው ግን አንድ ነው። ፋይሉን በጽሑፍ ሁኔታ ከከፈታችሁት ፓይተን ዊንዶውስ ላይ ያቺን አንዷን ራሱ ወደ 13 እና 10 ይቀይራታል። 42 የመጣው ከዚህ ነው። እናንተ «ዊንዶውስ ነውና ሁለቱንም ልጻፍ» ካላችሁ ሦስት ይሆናል፤ 13፣ 13፣ 10። ስለዚህ ባክስላሽ ኤን ብቻ ጻፉ፤ ቀሪውን ለፓይተን ተዉለት።

አንድ ከዚህ የሚለይ ነገር አለ፤ ሲኤስቪ፣ ማለትም ዓምዶቹ በነጠላ ሰረዝ የሚለዩ የሠንጠረዥ ፋይል። የሲኤስቪ መጻፊያው የራሱን መስመር መዝጊያ ራሱ ያስገባል። ፋይሉን ስትከፍቱ ኒውላይን የሚለውን ፓራሜትር (ለፋንክሽኑ የምንሰጠውን ማስተካከያ) ባዶ ስትሪንግ፣ ማለትም ባዶ ጽሑፍ፣ አድርጉለት። ካልሆነ ዊንዶውስ ላይ በየሁለቱ መስመር መካከል ባዶ መስመር ታገኛላችሁ። ይህን ባዶ መስመር ያያችሁ እጅ አውጡ። አዎ፣ ብዙ ናችሁ።

ራይትን አይተናል። ምንም አይጨምርም። ራይትላይንስ የሚባል ደግሞ አለ። ስሙ «መስመሮችን ጻፍ» ማለት ነው። ሊስት፣ ማለትም የጽሑፎች ዝርዝር፣ ትሰጡታላችሁ፣ አንድ በአንድ ይጽፋል። አዲስ መስመር ግን አያስገባም! ስሙን አይቶ የማይሳሳት ጀማሪ አላየሁም። ምክንያቱ የሚገባችሁ ጓደኛውን ሪድላይንስን ስታዩ ነው። ሪድላይንስ ፋይል ሲያነብ እያንዳንዱን መስመር ከነመዝጊያው ነው የሚያመጣው። እሱ ያመጣውን ለራይትላይንስ ብትሰጡት ፋይሉ እንደነበረ ይመለሳል። እንደዚያ ታስቦ ነው የተሠራው። ከኪቦርድ ወይም ከዳታቤዝ ያመጣችሁት ስም ግን መዝጊያ የለውም።

ፕሪንት ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ሌላ ካላዘዛችሁት መጨረሻ ላይ አዲስ መስመር ያክላል። ብዙ ሰው ፕሪንት ለስክሪን ብቻ ይመስለዋል። ፋይል የሚባል ፓራሜትር አለው፤ የከፈታችሁትን ፋይል ብትሰጡት እዚያ ይጽፋል። እኔ ለጀማሪ የምመክረው ይህንን ነው። ፋይሉን በዊዝ ክፈቱ፣ በፎር ሉፕ ሊስቱን አንድ በአንድ ሂዱበት፣ እያንዳንዱን በፕሪንት ወደ ፋይሉ ጻፉ። ሦስት መስመር ኮድ ነው። የሚረሳ ነገር የለውም። ዊዝ ሥራው ሲያልቅ ፋይሉን ይዘጋዋል፤ መሀል ላይ ኤረር ቢመጣ እንኳን ይዘጋዋል።

ሌላ ቋንቋ የምትጽፉም አላችሁ። ለእናንተ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ ይሄ ፋንክሽን መስመሩን ይዘጋል ወይስ አይዘጋም? ሲ ላይ ፑትስ ይዘጋል፣ ኤፍፑትስ አይዘጋም። የጃቫው ፕሪንትላይን ይዘጋል፤ ራይት አይዘጋም። ሲሻርፕ ላይ ራይትላይን ይዘጋል። ሲፕላስፕላስ ላይ ኤንድኤል መስመሩን ከመዝጋት አልፎ የተጠራቀመውን ሁሉ ወዲያው ወደ ፋይሉ ይገፋል፤ ሚሊዮን መስመር ስትጽፉ ያንን በየመስመሩ ማድረግ ፕሮግራሙን በጣም ያዘገየዋል።

የተጠራቀመው ምንድነው ላላችሁኝ፣ ይህ ሁለተኛው ታሪኬ ነው።

የእድሩን ፋይል አስተካክዬ ጥቂት ወራት ሠራንበት። አንድ ቀን ማታ የወሩን መዋጮ እያስገባን መብራት ሄደ። ኮምፒውተሩ ባትሪ የሌለው ዴስክቶፕ ነበር። መብራቱ ሲመጣ ፋይሉን ከፈትኩት። ባዶ ነው። የዚያን ቀኑ ብቻ ሳይሆን የድሮውም የለም። ጋሼ ምንም አልተናገሩም። ደብተሩን ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እሳቸው ደብተሩን ባይዙት ኖሮ ለብዙ ቤተሰብ ምን ብዬ እመልስ ነበር? አሁንም ሳስበው ያመኛል።

የሆነው እንዲህ ነው። ፋይሉን የከፈትኩት ደብልዩ በሚባለው የመክፈቻ ምልክት ነበር። ደብልዩ ማለት «ጻፍ» ነው ብለን እንማራለን። ሙሉ ትርጉሙ ግን «መጀመሪያ ያለውን በሙሉ አጥፋ፣ ከዚያ ጻፍ» ነው። ፋይሉ ገና ሲከፈት ባዶ ሆኗል። ሁለተኛ፣ ፓይተን እያንዳንዱን መስመር እንደጻፋችሁ ወደ ዲስክ አይወስደውም። ወደ ዲስክ መመላለስ ውድ ነው። ስለዚህ በሜሞሪ ያጠራቅማል፤ ሲሞላ አንድ ላይ ይልከዋል። ለረጅም ጊዜ የተለመደው የማጠራቀሚያው መጠን 8192 ባይት ነው። የአንድ እድር ስም ዝርዝር እዚያ ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። አሮጌው ጠፍቷል፣ አዲሱ ገና ሜሞሪ ውስጥ ነው፣ መብራት ሄደ።

ነባሩ ላይ መጨመር ብቻ ከፈለጋችሁ በኤ ክፈቱት። ኤ አሮጌውን አይነካም፤ ከመጨረሻው ይቀጥላል። ለመዝገብ፣ ለሎግ፣ ለየቀኑ ገቢ ትክክለኛው እሱ ነው።

ሙሉውን መጻፍ ካለባችሁ ግን አሮጌውን ፋይል አትንኩት። እዚያው ፎልደር ውስጥ ሌላ ስም ያለው ፋይል ክፈቱ። ሁሉንም እዚያ ጻፉ። ከዚያ ፍላሽ የሚለውን ጥሩ፤ ከፓይተን ማጠራቀሚያ አውጥቶ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያስረክባል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም የራሱ ማጠራቀሚያ ስላለው ቀጥሎ ኤፍሲንክን ጥሩ፤ እሱ ዲስኩ ላይ እንዲቀመጥ ያስገድዳል። ፋይሉን ዝጉት። መጨረሻ ላይ ሪፕሌስ በሚባለው ፋንክሽን አዲሱን በአሮጌው ስም ተኩት። መብራት በየትኛውም ደቂቃ ቢሄድ ወይ አሮጌው ሙሉው አለ፣ ወይ አዲሱ ሙሉው አለ። የሰው ገንዘብና የሰው ስም የምትጽፉ ከሆነ እባካችሁ ይህንን አትዝለሉት። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ይህንን ከማንም በፊት ማወቅ አለበት።

ስለ አማርኛችንም አንድ ነገር። ፋይሉን ስትከፍቱ ኢንኮዲንግ የሚለውን ፓራሜትር ዩቲኤፍ 8 አድርጉ፤ ሁልጊዜ። የግዕዝ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ1999 ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ 3.0 ላይ ገብተዋል፤ ቦታቸው የታወቀ ነው። ነገር ግን ብዙ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ፓይተን ምንም ካልተባለ ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች የተሠራውን የቆየ አጻጻፍ ይመርጣል። እዚያ ውስጥ «ሀ» የለችም። ፕሮግራሙ የመጀመሪያዋን የአማርኛ ፊደል ሊጽፍ ሲል ኤረር ሰጥቶ ይቆማል። ፊደላችን የተበላሸ አይምሰላችሁ። ቦታዋን አልነገርነውም፣ ያ ብቻ ነው።

ሲኤስቪ ጽፋችሁ ኤክሴል ለሚከፍት ሰው ከላካችሁ ደግሞ ዩቲኤፍ 8 ሲግ በሚለው ጻፉ። መጀመሪያ ላይ ሦስት ባይት መለያ ያስገባል። ያ መለያ ከሌለ ኤክሴል ፋይሉን በድሮው አጻጻፍ ያነበውና አማርኛው ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይወጣል። ለሌላ ፕሮግራም የሚነበብ ፋይል ከሆነ ግን መለያውን አታስገቡ። የመጀመሪያው ስም ፊት ተለጥፎ ፍለጋ ያበላሽባችኋል።

ጊዜዬ እያለቀ ነው። ጥያቄ ካለ ልቀበል።

ከኋላ ያለችው እህት እንዲህ ጠየቀች፦ «ስሞቹን በጆይን አያይዤ ጻፍኩ። ስከፍተው እያንዳንዱ በየመስመሩ ነው። ሊኑክስ ላይ መስመር የሚቆጥረውን ትእዛዝ ሳስሮጥ ግን አንድ ይጎድላል። ስሞቹን በእጄ ቆጥሬያቸዋለሁ፤ አልጎደሉም።»

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ቅድም የቆጠርናቸውን ሦስት ስሞች መልሰሽ ውሰጃቸው። ጆይን አዲስ መስመርን የሚያስገባው በስሞቹ መካከል ነው። ከአበበ በኋላ አንድ፣ ከአልማዝ በኋላ አንድ። ከትዕግስት በኋላ የለም። ፋይልሽ 39 ሳይሆን 38 ባይት ነው። ያ ትእዛዝ ደግሞ ስም አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው 10 የሚለውን ባይት ነው። ሁለት አገኘ፣ ሁለት አለሽ።

ትእዛዙ አልተሳሳተም። የዩኒክስ ዓለም ደንብ፣ ፖዚክስ የሚባለው፣ መስመር ማለት በአዲስ መስመር ምልክት የተዘጋ ነው ይላል። በእኛ ሥርዓተ ነጥብ ብናየው ይቀላል። ነጠላ ሰረዝ በነገሮች መካከል ይገባል፤ ከመጨረሻው በኋላ አይጻፍም። አራት ነጥብ ግን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ይዘጋል፣ የመጨረሻውንም። አንቺ አዲስ መስመርን እንደ ነጠላ ሰረዝ ተጠቀምሽበት። ሊኑክስ የሚጠብቀው እንደ አራት ነጥብ ነው። የኮድ ለውጥ የሚመዘግበው ጊትም ለዚህ ነው «በፋይሉ መጨረሻ አዲስ መስመር የለም» እያለ የሚያሳይሽ።

ጉዳቱ የሚታይሽ ነገ በዚያው ፋይል ላይ በኤ ከፍተሽ አራተኛ ስም ስትጨምሪ ነው። ትዕግስትና አዲሱ ሰው ይያያዛሉ። ከጆይኑ በኋላ አንድ ባክስላሽ ኤን ጨምሪበትና እንደገና ቁጠሪው፤ ሦስት ይልሻል።